ከግራ የሚመጣ ኳስ

ኤፕሪል 19፣ ቀዳም ሥዑር

ዛሬ የክሪኬት ልምምድ የለም። ከተማው በሙሉ መስኮት ላይ ነበር። ረፋዱ ላይ ደወሉ ሲደወል፣ እንደ ደሴታችን የፋሲካ ልማድ፣ ከየሰገነቱ ማሰሮ ይወረወር ጀመር፤ መንገዱ ሁሉ ገል በገል ሆነ። እኔም ከእህቴ ከማርዬታ ሰገነት ላይ ውሃ የሞላሁት እንስራ ለቀቅኩ። ፍንዳታው እስከ ወደቡ ሳይሰማ አልቀረም።

"ስልሳ አራት ዓመትህ ነው፣ አንተ ሰውዬ!" አለች ማርዬታ።

"እንስራው ግን ገና ወጣት ነበር" አልኳት።

ልጇ ዲያማንቲና በሳቅ ፍርስ አለች። ከኪሴ አንዲት ኩምኳት አወጣሁና፣ ያቺን አውራ ጣት የምታህል ብርቱካን፣ ሳታየኝ ወደ ግራ ጆሮዋ ወረወርኩባት። ዞር እንኳ ሳትል በግራ እጇ ቀለበችና ከነልጣጯ ዋጠቻት። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ እንዲህ እንጫወታለን፤ አሁን ሃያ ሦስት ሆኗታል። አንዲትም አምልጣት አታውቅም። የአገሪቱ አንደኛ መቺ ያደረጋት አሰልጣኝ ፎቲኒ ሳትሆን እኔና ኩምኳቶቼ ነን እላለሁ። ፎቲኒ ትስቃለች፤ ግን አታስተባብልም።

በሜይ አጋማሽ ሦስት አገሮች ወደ ደሴታችን ይመጣሉ። አንደኛ የሚወጣው ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል። የግሪክ ሴቶች አልፈው አያውቁም። "ዲያማንቲና ካለች ዘንድሮ እናልፋለን" ትላለች ፎቲኒ። እኔ ሚኒባሱን እነዳለሁ፣ በልምምድ ደግሞ በእንጨት የሚመቱትን ኳስ እወረውርላቸዋለሁ። ክሪኬት ማንም አላስተማረኝም። ድሮ ይጫወቱበት የነበረው አደባባይ ዳር ተወልዶ ክሪኬት የማያውቅ ቢኖር ዓይነ ስውር ነው።

ኤፕሪል 23፣ ረቡዕ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ከጤና ጣቢያ ገና መመለሳችን ነው።

ኳሱ የዲያማንቲና ፊት ላይ አረፈ። ከግራ ዓይኗ ሥር። ሜዳው ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ የተሰፋበት ላይ ነጥሮ ነው። ያ ምንጣፍ አሮጌ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ሄልሜት አላደረገችም ነበር። ሞቋት።

አጥንት አልተሰበረም። ሐኪሙ በረዶ አድርጉበት አለ። "ጥቁር ነጥብ ሲበር ወይም ብልጭታ ካየሽ ግን በዚያው ሰዓት ተመለሺ፤ ነገ እንዳትዪ" አላት። ዓይኗ እንደ ሊጥ አብጦ ምን ልታይበት ነው።

ስወረውር እየሳቅኩ ነበር። እሷም ትስቅ ነበር። ወደ ፎቲኒ ዞር ብላ።

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ

እብጠቱ ጎደለ። ግማሽ ፊቷ ወይን ጠጅ ሆኗል። "የስቅለት ዕለት መጋረጃ መስለሻል" ስላት ትራስ ወረወረችብኝ። ሳተችኝ። ምነው ቢሉ ትራስ ኳስ አይደለም።

ፎቲኒ ጠርታኝ (ለቡድኑ ሁሉ ባርባ፣ አጎት፣ ነኝ) "ባርባ ስታማቲ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንተ መኪናህን ንዳ። ኳሱን ማሽኑ ይወረውራል" አለችኝ።

"ትከሻዬ ገና ሃያ ዓመት ያገለግላል።"

"ስለ ትከሻህ ማን አወራ?" አለችና ሄደች።

ለዕድሜዬ አስባ ነው። ደግ ሴት ናት።

ሚኒባሱ ኋላ ጎማ ስፈትሽ፣ የቡድኑ አምበል ፖሊክሴኒ ለአንዷ ልጅ ስታወራ ሰማሁ። "ድስት ደፍታ መጣች እያለ ባያሾፍባት ኖሮ ሄልሜቷን አታወልቅም ነበር" ትላለች። ሰው ሲደነግጥ ያልሆነ ነገር ይናገራል። ድስት ማለት ቀልድ ነው። አባቴና ሁለት አጎቶቼ ዕድሜ ልካቸውን ባዶ ራሳቸውን ተጫውተዋል። እርግጥ ነው፣ የሦስቱ ጥርስ ቢጠራቀም ለአንድ ሰው ምሳ አይበቃም ነበር።

ኤፕሪል 30፣ ረቡዕ

ዲያማንቲናን በመስታወቱ አየኋት፤ ከኋላ ተቀምጣ ፊቷ ላይ እጇን ታወናጭፋለች።

"ዝንብ ገባ?" አልኳት።

"አንዲት ናት። አልያዝ አለችኝ።"

መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትኩ። ልጆቹ ነፋሱ ፀጉራችንን አበላሸ ብለው ጮኹብኝ። ማታ ማርዬታ ቤት ሾርባ ስንጠጣም እጇን ሁለቴ አወናጨፈች። ጸደይ ነው፤ ዝንብ ይበዛል።

እኔ ግን ምንም ዝንብ አላየሁም።

ሜይ 4፣ እሑድ

ምሳ በላን። ማርዬታ የአውራ ዶሮውን ወጥ በቀረፋና በቅርንፉድ ሠርታው ጣት ያስቆረጥማል። ቡና እስኪፈላ ወደ ዲያማንቲና ኩምኳት ወረወርኩ፣ እንደ ልማዴ፣ ከግራ በኩል። ትከሻዋን መትታ ጠረጴዛ ሥር ገባች።

ማርዬታ አጨበጨበች። "እሰይ! በስተርጅና አሸነፍክ!"

"ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር" አለች ዲያማንቲና።

ሁለተኛዋን ከቀኝ ወረወርኩ። ሳታይ ቀለበች። ሦስተኛዋን እንደገና ከግራ። ጆሮዋን መታቻት። ዲያማንቲና ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች፤ እዚያ ቧንቧ ከፍታ ብዙ ቆየች።

የወደቀችውን አንስቼ በላኋት። የወቅቱ መጨረሻ ናት፤ ትመርራለች። እጄም እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ አይወረውርም። እሱ ነው የሚሆነው።

ሜይ 7፣ ረቡዕ

ዲያማንቲና ዛሬ ነገረችኝ። ዝርዝሩን ልጻፈው፤ ለማንም ልናገረው አልችልምና።

ከልምምድ ስንመለስ ሌሎቹን አድርሼ እሷ ብቻ ቀረች። "ወደ ባሕሩ ንዳ" አለችኝ። መዋኛው አጠገብ አቆምኩ። ፊቷን ወደ ውሃው አድርጋ እንጂ ወደ እኔ ሳትዞር ነው የተናገረችው። ከሳምንት በላይ ሆኗታል። በግራ ዓይኗ ጥቁር ነጥቦች ይንሳፈፋሉ፣ ከሻማ እንደሚነሳ ጥላሸት። ጨለማ ውስጥ ራሷን ስታዞር ጥግ ላይ መብረቅ ይበርቃል።

"ሐኪሙ ምን ነበር ያለው?" አልኳት።

"ያለውን ሰምቻለሁ። ከሄድኩ ያስተኙኛል ባርባ። ውድድሩ ያልቃል፣ እኔ አልጋ ላይ ሆኜ። ስድስት ዓመት ነው የጠበቅኩት። አንድ ጊዜ ልለፍ፣ ከዚያ ዓይኔን አውጥተው በሳህን ቢያስቀምጡት አልቃወምም።"

"እንዲህ አይባልም፣ አንቺ ልጅ!"

"አንተ ያስተማርከኝ ነው።"

እውነቷን ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ሁሉ ከእኔ ነው የለቀመችው።

ከዚያ ማልልኝ አለች። "አንተ ምስጢር አፍህ ውስጥ አይተኛም። ስለዚህ በቅዱሱ ማል።" በዚህ ከተማ በቅዱስ ስፒሪዶን ምሎ የከዳ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከጡት ጋር ነው የምንጠባው። የአባቴ ጎረቤት በሐሰት ምሎ በሳምንቱ አፉ ጠመመ። እስኪሞት እንደ ጠመመ ነበር።

ሁለት ሳምንት ብቻ ነው አለችኝ። ሁለት ሳምንት ምን አላት አልኩ በልቤ። ማልኩ።

ከመኪናው ስትወርድ ቀስ ብላ "ደግሞ ከሄድኩ እንዴት እንደተመታሁ ይጠይቁኛል" አለች። ለምን ያን እንዳለች አልገባኝም። እንዴት እንደተመታች ሰው ሁሉ ያውቃል። ምንጣፉ ነው።

ሜይ 10፣ ቅዳሜ

ፎቲኒ የሚኒባሱን በር ይዛ ቆመች። "ይቺ ልጅ ምን ሆናለች? ከግራ የሚመጣባትን ኳስ ሁሉ ትስታለች። ትናንት ውሃ ስትቀዳ ከብርጭቆው ውጭ አፈሰሰችው።"

አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ። "ፍቅር ይዟታል።"

"ማን?"

"መርከበኛ ነው። ከጎቪያ ወደብ። ጀልባ ያለው።" መዋሸት ከጀመሩ አይቀር ጀልባም ይኑረው አልኩ።

ፎቲኒ ትንፋሿን ለቀቀች። "በዚህ ሰዓት! ተመስገን፣ እኔ የባሰ ፈርቼ ነበር።"

ሜይ 12፣ ሰኞ

መርከበኛው ከተማውን አዳረሰ። ዳቦ ቤት ስገባ ስዊድናዊ ነው ይሉኛል። ሥጋ ቤት ስደርስ ሚስት አለችው። ማርዬታ በደረጃው ላይ ጠብቃ ኮሌታዬን ያዘች።

"ሃይማኖቱ ምንድነው?"

"የባሕር ሰው ነው ማርዬታ፤ ማዕበል ሲመጣ የሁሉም ነው።"

ዲያማንቲና በጓዳው በር ብቅ አለች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። "ቢያንስ መልከ መልካም አድርገኸዋል?" አለችኝ።

"ረጅም ነው። ጆሮው ብቻ ትንሽ ተለቅ ይላል።"

ሳቀች፤ እንደ ድሮዋ። ስትስቅ በግራ በኩል ያለውን የበሩን መቃን በትከሻዋ ገጨችው። ሳቋን አላቋረጠችም። ማርዬታም አላየችም። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። ምነው እኔም ባላየሁ።

ሜይ 13፣ ማክሰኞ

ፋርማሲ ሄድኩ፣ ከሰፈራችን ራቅ ወዳለው።

"ድመቴ ዓይኗን አሟት ነበር" አልኩት ፋርማሲስቱን። "ተመትታ ነው። አሁን ጥቁር ነጥብ ይበርባታል። ብልጭታም ታያለች።"

ከመነጽሩ በላይ አየኝ። "ድመቷ ነች እንዲህ ያለችዎት?"

"ብልህ ድመት ናት።"

አልሳቀም። እጁን ባንኮኒው ላይ አሳርፎ "ድመት ከሆነች አላውቅም። ሰው ከሆነ ግን ጌታዬ፣ የዓይኑ ውስጠኛ ሽፋን እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል። ጥላ ከጥግ መምጣት ከጀመረ ይታወራል። ነገ አይባልም። ዛሬ ነው" አለኝ።

የሳል ከረሜላ ገዝቼ ወጣሁ። ፋርማሲስት ማጋነን ይወዳል፤ ካላስፈራሩ ማን ይገዛቸዋል።

ከረሜላውን ሁሉ በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት።

ሜይ 16፣ ዓርብ

ሰርቢያን አሸነፍን! ዲያማንቲና ሠላሳ አራት ነጥብ። ከቀኝ የመጣውን ሁሉ ቀጠቀጠችው። ወደ ግራ ሲመጣባት እንደ ጉጉት አንገቷን ሙሉ ታዞራለች። ከአጠገቤ የተቀመጠ ሽማግሌ "ምን ዓይነት አዲስ አቋቋም ነው?" አለኝ። "ዘመናዊ ነው" አልኩት።

ስትመታ አጨበጭባለሁ። ኳሱ ከወርዋሪዋ እጅ ሲወጣ ግን ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጨዋታውን የሰማሁት እንጂ ያየሁት አይደለም።

ሜይ 18፣ እሑድ

ሮማኒያንም አሸነፍን። ረቡዕ ኢስቶኒያን ካሸነፍን አለፍን። ከተማው አብዷል፤ ክሪኬትና ዓሣ ማጥመድ የማይለዩ ሴቶች ሳይቀሩ መንገድ ላይ ያቅፉኛል።

እኔ ግን ያየሁትን ልጻፍ። ዲያማንቲና ለሁለተኛው ነጥብ ስትሮጥ ከግራ ሜዳ የተወረወረ ኳስ ራሷ ላይ አረፈ። ሄልሜቱ ተንጓጓ። ኳሱ ሲመጣ አንዲት ስንዝር እንኳ አላጎነበሰችም። በግንብ ላይ እንደሚወረወር ነው የመታት። ወደቀች። ከዚያ ብድግ ብላ ሄልሜቷን በጡጫ ቀጥቅጣ "ድስቱ ደህና ነው!" ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ፎቲኒም ሳቀች።

ስንመለስ ከኋላዬ ተቀመጠች። ሌሎቹ ይዘፍናሉ። ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"ባርባ፣ መጋረጃ ነገር መጣ።"

"ምን መጋረጃ?"

"ከግራ በኩል። ጥቁር። ትናንት ጥግ ላይ ነበር። ዛሬ አፍንጫዬ ጋ ልደርስ ነው ይላል።"

"ዲያማንቲና..."

"ምለሃል" አለች፤ ወደ ኋላ ተደግፋም ከእነሱ ጋር ዘፈነች።

ጥላ ከጥግ መምጣት ከጀመረ። ያ ፋርማሲስት ያለው በትክክል ይኼንኑ ነው።

ሜይ 20፣ ማክሰኞ

እንቅልፍ ካጣሁ ሁለት ቀን ሆነኝ። ዛሬ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። ቅዱስ ስፒሪዶን ሳይፈርስ በኖረ ገላው በብሩ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል፤ ተራ ያዝኩ፣ ተሳለምኩ፣ ከዚያ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ እስክትገፋኝ ድረስ አጎንብሼ አነጋገርኩት።

"ቅዱስ ሆይ፣ በስምህ ምያለሁ። መሐላውን እንዳፈርስ ከፈቀድክልኝ ዝም በል። ካልፈቀድክልኝ ምልክት ስጠኝ።"

ዝም አለ። እንደሚለኝ አውቅ ነበር፤ ይኼን ዘዴ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠቀምበት ኖሬያለሁ። ግን ዛሬ ዝምታው ደስ አላለኝም። ሲያየኝ የሚያፍርብኝ መሰለኝ።

ከወጣሁ በኋላ ፎቲኒ ቤት በር ድረስ ሄድኩ። መጥሪያውን አልነካሁትም። ሳልነግራት መገመት የነበረባት አሰልጣኟ እሷ አይደለችም እንዴ? ማርዬታስ እናቷ አይደለችም? ሁሉም እኔን የሚጠብቀኝ ለምንድነው?

ማንም እንደማይጠብቀኝ አውቃለሁ። የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሜይ 21፣ ረቡዕ

ጠዋት ሁሉም ነጭና ሰማያዊውን ለብሰው ተሳፈሩ። ቆሞ የሚዘፍነው ከተቀመጠው ይበልጣል። ዲያማንቲና ከኋላዬ ናት። በመስታወቱ አያታለሁ፤ የግራ ዓይኗን በመዳፏ ትሸፍንና ታያለች፣ ከዚያ ቀኙን ትሸፍንና ታያለች። ቀኙን ስትሸፍን ከንፈሯ ነጭ ይሆናል።

ሆስፒታሉ ከሜዳው መታጠፊያ አስቀድሞ ነው ያለው። ምንም አላሰብኩም። መሪው ታጠፈ።

"ባርባ! መንገድ ሳትክ!"

"ፍቅር የያዘው እሱን ነው መሰለኝ!"

እየሳቁ ነው። የድንገተኛ ክፍሉ በር ፊት አቆምኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ወደ እነሱ ዞርኩ።

"ዲያማንቲና በግራ ዓይኗ አታይም" አልኩ።

ሳቁ ጨመረ። ፖሊክሴኒ "ባለፈው ፍሬን የለኝም ብለህ አስለቀስከን፣ ዛሬ አይሳካልህም" አለች። አንዷ አጨበጨበች።

"እውነቴን ነው።"

"ሁልጊዜም እውነትህን ነው!"

"ልጆች፣ እለምናችኋለሁ።" ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ። እነሱ ግን ይኼም የቀልዱ ክፍል መሰላቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አስቄ፣ አንዲት እውነት ስናገር የሚያምነኝ አጣሁ።

"ባርባ እየቀለደ ነው" አለች ዲያማንቲና። "ንዳ ባርባ። እንዘገያለን።"

ፎቲኒ ብቻ አልሳቀችም። ከፊት ወንበር ተነሳች፣ በዲያማንቲና ግራ በኩል ቆመች፣ እጇን ወደ ላይ አነሳች።

"ወደ ፊት ተመልከቺ። ስንት ጣት ነው?"

"ሦስት" አለች ዲያማንቲና።

ፎቲኒ እጇን ጨብጣ ነበር።

ዲያማንቲና መሳሳቷን ከሁሉም በፊት አወቀች። ወደ እኔ ዞረች፣ እንደ ጉጉት ሙሉ አንገቷን አዙራ። "በቅዱሱ ምለህልኝ ነበር" አለች።

"አዎ።"

"ከዛሬ ጀምሮ አጎት የለኝም።"

ራሷ ወርዳ ሆስፒታሉ ገባች። ልጆቹ ሻንጣቸውንና መምቻ እንጨታቸውን ተሸክመው በእግራቸው ወደ ሜዳው ሄዱ፣ በመንገዱ ዳር ተሰልፈው። እኔ ቁልፉን ለፎቲኒ ልሰጣት እጄን ብዘረጋ አልተቀበለችኝም። "መቼ ነው ያወቅከው?" ብቻ አለችኝ። መልሱን ከፊቴ አንብባው ሄደች።

ሜይ 22፣ ሐሙስ

ያኒና፣ ከባሕሩ ማዶ ያለው ከተማ። የዓይን ቀዶ ጥገና የሚሠራው እዚህ ነው። ትናንት ከሰዓት በመርከብ ተሻገርን፣ ማርዬታ፣ ዲያማንቲናና እኔ። ማርዬታ መርከቡ ላይ እስክንደርስ ድረስ አላናገረችኝም። ከዚያ አናገረችኝ፤ ባታናግረኝ ይሻል ነበር።

ባሕሩ መሃል ፖሊክሴኒ ደወለች። በአምስት ነጥብ ተሸነፍን። ስልኩን ለዲያማንቲና አቀበልኩ። ሰማች፣ "እሺ" አለች፣ መለሰችልኝ። መርከቡ እስኪደርስ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች።

ሐኪሙ ጎልማሳ ነው፣ ረጋ ያለ። "ኳሱን ማን ወረወረው?" አላት ካርድ ሲሞላ።

"ማሽን ነው" አለች።

ወደ እኔ አላየችም። እኔ መስኮቱን አየሁ። የከተማው ሐይቅ ላይ ጭጋግ አለ።

ሜይ 23፣ ዓርብ

ቀዶ ጥገናው ረጅም ነበር። ዓይኗ ውስጥ ጋዝ ሞልተዋል፤ ሽፋኑን ገፍቶ ወደ ቦታው እንዲመልስ። ስለዚህ ቀንም ሌሊትም በፊቷ ተደፍታ ነው የምትተኛው። ቀና ማለት የለም።

ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ለማርዬታና ለእኔ አስረዳን። መሃሉ፣ የምናነብበት ቦታ፣ እሱም ተላቅቆ ነበር አለ። ምን ያህል እንደምታይበት የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ስለ አንድ ሳምንትም የሆነ ነገር አለ፤ ከሳምንት በፊት ብትመጣ ኖሮ ምናምን። በደንብ አልሰማሁም። ኮሪደሩ ጫጫታ ነበረው።

ማርዬታ ሰምታለች መሰለኝ። ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች።

ሜይ 25፣ እሑድ

ዲያማንቲና ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ወንበሬን ካልጋዋ አጠገብ አድርጌ ጀርባዋን ሳይ ሰነበትኩ። በአልጋው ጫፍ ላይ ባለ ቀዳዳ ትራስ አለ፣ ፊቷ እዚያ ውስጥ ነው፤ የምታየው ወለሉን ብቻ ነው።

ዛሬ ከሰዓት ማርዬታ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ከዚያ ከትራሱ ውስጥ ድምፅ መጣ።

"ሰባት ንጣፍ በዚህ፣ አሥራ አንድ በዚያ። አንዱ ተሰንጥቋል። ሌላ የሚታይ ነገር የለም።"

ኮቴን አወለቅኩ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር እየጮኸ ወለሉ ላይ ተጋደምኩ፣ በጀርባዬ ተንሸራትቼ ከፊቷ ሥር ገባሁ። ግራ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኗል። ቀኙ ቁልቁል አየኝ።

ነርሷ ገባች። "አባባ! ወድቀው ነው?"

"የለም ልጄ፣ ቤት ተከራይቼ ነው።"

ነርሷ ሳቀችና ወጣች። ዲያማንቲና ከንፈሯን ነከሰች። "አታስቀኝ። አትንቀሳቀሺ ተብያለሁ።"

"እሺ።"

"ሐኪሙ ስለ ሳምንቱ ያለውን ሰምቻለሁ ባርባ። በሩ ክፍት ነበር።"

"እኔ በደንብ አል..."

"ሰምተሃል።"

ከዚህ ቅርበት ፊቷ ሰፊ ነው፣ የልጅነቷ ፊት። የተመታችበት ቦታ ላይ ቢጫ ምልክት ቀርቷል፣ ከጣት አሻራ አይበልጥም። እስከ ዛሬ በደንብ አይቼው አላውቅም ነበር።

"ድስት ያልኩሽ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አውቃለሁ" አለች።

ከዚያ አንድ ጠብታ ግንባሬ ላይ ወደቀ። ሞቃት ነበር። ሁለተኛው ቅንድቤ ላይ። ዝናብ ጀመረ ልል ነበር፤ አፌም ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁት። ለመነሳት ክርኔን ስደገፍ ትንፋሿ ቆመ።

"አትነሳ" አለች።

ወለሉ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። አልተነሳሁም።